«ካይጉዎ ዳዲያን» ምንድን ነው?

ቃሉ በቻይንኛ «ታላቁ የአገር ምሥረታ በዓል» እንደማለት ሲሆን የአንድ ሥዕል ስም ነው። ማኦ ዜዱንግ ኦክቶበር 1 ቀን 1949 (ዘመኑ ሁሉ እንደ ፈረንጆች ነው) በቤጂንጉ ቲያናንመን ሰገነት ላይ ቆሞ የቻይናን ሕዝባዊ ሪፐብሊክ ሲያውጅ ያሳያል። ሠዓሊው ዶንግ ሺዌን በ1953 በዘይት ቀለም ሳለው፤ ሸራው ወርዱ 4 ሜትር፣ ቁመቱ 2.3 ሜትር ያህል ነው።

ዶንግ ቦታውን እንዳለ አልቀዳውም። ከማኦ በስተቀኝ መታየት የነበረበትን ዓምድ ጨርሶ አስቀረው። ግንበኛ ቢያየው ጣሪያው በምን ቆመ ይላል፤ አደባባዩና ሰማዩ ግን ወለል ብለው ታዩ። ምንጣፉ ሻካራ እንዲመስል ቀለሙ ውስጥ ሰጋቱራ ደባልቋል።

ጣጣው የመጣው ከማኦ ኋላ በቆሙት ባለሥልጣናት ነው። በ1954 ጋኦ ጋንግ ከሥልጣን ተወግዶ ራሱን አጠፋ፤ ዶንግም ከሥዕሉ እንዲያወጣው ታዘዘ። ጋኦ የፊተኛው ረድፍ ጫፍ ላይ ስለነበር ነገሩ ቀላል ነበር፤ ሥዕሉ ላይ ያለውን አበባ አስፍቶ፣ ከበስተኋላ ያለውን ሰማይ ቀጥሎ ሸፈነው። ማኦ በ1966 ባስነሳው የባህል አብዮት ጊዜ የወደቀው የአገሪቱ ርዕሰ ብሔር ሊዩ ሻኦቺ ግን በሌሎቹ ባለሥልጣናት በጁ ደ እና በሶንግ ቺንግሊንግ መካከል ነው የቆመው። እዚያ አበባ ቢሳል ማን ይታለላል? ሰው በሰው መተካት ነበረበትና ሌላው ባለሥልጣን ዶንግ ቢዉ ገባበት።

በ1972 ከሥዕሉ የመውጣት ተረኛው ባለሥልጣኑ ሊን ቦቹ ሆነ፤ ሰውየው ከሞተ 12 ዓመት አልፎታል። ሠዓሊው ዶንግ ያኔ በካንሰር ታሞ ስለነበር ሥራው ለሠዓሊዎቹ ለጂን ሻንግዪ እና ለዣኦ ዩ ተሰጠ። እነሱም ሸራው እንዳይበላሽ ፈርተው ኦሪጅናሉን ትተው አዲስ ቅጂ ሠሩ። ፍርሃታቸው አግባብ ነው፦ የዘይት ቀለም በደረቀ ቀለም ላይ ሲደራረብ ሁለቱ ንብርብር እኩል ስለማይደርቅ ይሰነጠቃል። ዓመታት ሲያልፉ ደግሞ የላዩ ቀለም ብርሃን ማሳለፍ ይጀምርና የተሸፈነው ሰው እንደ ጥላ ብቅ ይላል።

በ1979 ከሥዕሉ የወጡት ሰዎች ይመለሱ ሲባል የዶንግ ቤተሰብ በኦሪጅናሉ ላይ የሌላ ሰው ብሩሽ እንዲያርፍ አልፈቀደም። ስለዚህ ሠዓሊው ያን ዤንዱኦ ሦስቱንም ቅጂው ላይ መለሳቸው። ጋኦና ሊዩ ቦታቸውን ይዘው የሚታዩበት ሸራ እንግዲህ የዶንግ እጅ ያላረፈበት ነው።