ጁኒየር ስለሆናችሁ እጃችሁ አልታሰረም

ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ፕሮግራመር ሆነው ሥራ የጀመሩ ልጆች ስሞታ ተመሳሳይ ነው። ኮዱ «ፋይናል»፣ «ፋይናል 2»፣ «የመጨረሻው ፋይናል» በሚሉ ፎልደሮች ተበትኗል። ቴስት (ኮዱ በትክክል መሥራቱን የሚፈትሽ ኮድ) የለም። ማስተካከያው በቀጥታ ሰርቨሩ ላይ ይሠራል። ስሞታቸው እውነት ነው። አብረውት የሚመጡት አንዳንድ እምነቶች ግን ልክ አይደሉም።

«ቢሮው ጊት ካልተጠቀመ እኔም አልችልም።» ትችላላችሁ። ጊት የኮድ ለውጦችን ታሪክ የሚመዘግብ ፕሮግራም ነው። ሊነስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ2005 ጊትን የሠራው ሙሉው ታሪክ እያንዳንዱ ሰው ኮምፒውተር ላይ እንዲቀመጥ አድርጎ ነው። ፎልደሩ ውስጥ ገብቶ «ጊት ኢኒት» ማለት ይበቃል። ኮሚት ለማድረግ፣ ማለትም ለውጡን ታሪኩ ውስጥ ለመመዝገብ፣ ኢንተርኔት አያስፈልግም፤ ኮኔክሽን በጠፋ ቀንም ይሠራል። ጊትና ጊትሃብ አንድ አይደሉም፤ ጊትሃብ በጊት የተያዘ ኮድ ኢንተርኔት ላይ የሚቀመጥበት ድረ ገጽ ነው። የመሥሪያ ቤቱን ኮድ ግን የግል ጊትሃባችሁ ላይ እንዳትጭኑ፣ አደራ።

«ቴስት ጊዜ ያባክናል።» እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። የብድር መክፈያ ቀን የሚያሰላ ፕሮግራም እንውሰድ። የጻፈው ሰው ወሩን ሁሉ 30 ቀን አድርጎታል። እስከ ነሐሴ መጨረሻ ማንም ችግር አያይም። ጳጉሜ ግን 5 ቀን ናት፤ ዘመነ ሉቃስ ሲያልቅ ደግሞ 6። ለደንበኛው አዲስ ዓመት ገብቷል፣ ፕሮግራሙ ገና ጳጉሜ 7 ላይ ነው። ቅጣት ያለ አግባብ የሚቆጠረው እንዲህ ነው። መፍትሔው ሁለት አጭር ቴስት ነው፦ ከጳጉሜ 6 ቀን 2015 ቀጥሎ መስከረም 1 ቀን 2016 ይምጣ፤ ከጳጉሜ 5 ቀን 2016 ቀጥሎ መስከረም 1 ቀን 2017። ሁሉንም ኮድ በቴስት ሸፍኑ የሚላችሁ የለም። ነገ የምትነኩትን ብቻ ጀምሩ።

«ሁሉም ፈርሶ እንደ አዲስ ይጻፍ።» አብዛኛውን ጊዜ ያከስራል። ያ ግራ የሚያጋባ «ኢፍ» (እንዲህ ከሆነ እንዲህ አድርግ የሚል የኮድ መስመር) ድሮ የገጠመ ችግር የተፈታበት ሊሆን ይችላል። ከመሰረዛችሁ በፊት ጠይቁ።

«ለሲኒየር እንዲህ አይባልም።» ይባላል፣ አነጋገር ማወቅ ነው። ሰው ፊት «ይሄ ኮድ አይረባም» ማለት ሰውየውን መንካት ነው። ቡና ላይ ለብቻው «ጋሼ፣ ጳጉሜ ላይ የሚሳሳት ቦታ አገኘሁ፣ ቴስትም ጽፌለታለሁ፤ አብረን ብናየውስ?» ቢባል ብዙዎቹ ይሰማሉ። ያለ ባክአፕ ዳታቤዝ ሊነካ ከሆነ ግን ይሉኝታ አይያዛችሁ። በቃል ብቻ ሳይሆን በጽሑፍ አሳውቁ፣ ቅጂ እስኪወጣም ሥራው ይቆይ በሉ።