ጎበዝ ከሆነች ማን ያግዳታል?

«ልጅቷ ጎበዝ ከሆነች ማን ያግዳታል?» ይህን አባባል በዋሽንግተን ዙሪያ ሐበሻ በተሰበሰበበት ሁሉ እሰማዋለሁ። ልጅ ሲመረቅ፣ ቡና ሲፈላ፣ ስለ ኮሌጅ ሲወራ። በቅን ልብ የሚባል ነው። ግን አሜሪካ ውስጥ ኢንጂነር ለመሆን የተነሱ ጥቁር ሴቶችን ታሪክ ያየ ሰው እንዲህ ለማለት ይቸግረዋል። የጎደላቸው ጉብዝና አልነበረም። በር ላይ አንድ ደንብ ወይም አንድ ሰው ቆሞባቸው ነበር።

ደጋግሜ የምሰማቸውን የተሳሳቱ አመለካከቶች አንድ በአንድ ላንሳ። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«ጥቁር ሴቶች ወደዚህ ሙያ የገቡት በቅርቡ ነው»

የኢቮን ክላርክን ነገር እንይ። ያደገችው ኬንታኪ ውስጥ፣ ሉዊቪል ከተማ ነው። እዚያው ባለው ዩኒቨርሲቲ ኢንጂነሪንግ መማር ፈለገች። ጥቁር ስለሆነች አልተቀበላትም። ክፍለ ግዛቱ የክፍያውን ልዩነት ችሎ ሌላ ቦታ እንድትማር አደረገ። እስቲ አስቡት፤ አንዲትን ልጅ ላለማስተማር ገንዘብ የሚያወጣ መንግሥት!

የሄደችው ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ነው። የዲሲ ሰው ያውቀዋል፤ በጆርጂያ አቬኑ ስናልፍ የምናየው ግቢ ነው። በ1951 በሜካኒካል ኢንጂነሪንግ ተመረቀች። ሃዋርድ በዚህ ሙያ ያስመረቃት የመጀመሪያዋ ሴት ናት። በኋላ ቴነሲ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ውስጥ 55 ዓመት አስተማረች። ከእሷ እጅ የወጡት ኢንጂነሮች ራሳቸው ዛሬ አያት የሆኑ አሉባቸው።

«ሥራሽ ራሱ ይናገርልሻል»

ብዙዎችን የሚጎዳው ይህኛው ነው። ስለዚህ እዚህ ላይ ሰፋ ላድርገው።

ሜሪ ጃክሰን የተወለደችው ቨርጂኒያ፣ ሃምፕተን ከተማ ነው። ከአሌክሳንድሪያ በመኪና ሦስት ሰዓት ገደማ ይወስዳል። በ1942 በሒሳብና በፊዚካል ሳይንስ ዲግሪ ያዘች። ከዚያ በኋላ ግን አስተማሪ፣ እንግዳ ተቀባይ፣ ሒሳብ ያዥ፣ ጸሐፊ ሆና ሠራች። በ1951 ላንግሊ የሚባለው የበረራ ምርምር ማዕከል ገባች። ማዕከሉን በኋላ የያዘው የጠፈር ምርምር ድርጅት ናሳ ገና አልተመሠረተም ነበር። የመደቧት ጥቁር ሴቶች ከነጮቹ ተለይተው ስሌት ከሚሠሩበት ክፍል ነው።

ሁለት ዓመት እንደሠራች ካዚሚየርዝ ዛርኔትስኪ የሚባል ኢንጂነር ወደ ራሱ ሥራ ወሰዳት። ሥራው የአውሮፕላን ሞዴሎችን በነፋስ መፈተን ነበር። ማሽኑ 60,000 የፈረስ ጉልበት አለው፤ ነፋሱ የድምፅን ፍጥነት ሁለት እጥፍ ሊደርስ ይቃረባል። ዛርኔትስኪ ችሎታዋን አይቶ ዝም አላለም። ወደ ኢንጂነርነት የሚያሳድገውን ሥልጠና እንድትገባ አደረገ።

ትምህርቱ ግን የሚሰጠው ጥቁር በማይገባበት ትምህርት ቤት ውስጥ ነበር። ሒሳብና ፊዚክስ ለመማር የሃምፕተንን ከተማ ልዩ ፈቃድ መጠየቅ ነበረባት። ጠየቀች፤ ፈቀዱላት፤ ተማረች። በ1958 የናሳ የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ኢንጂነር ሆነች።

ታዲያ ሥራዋ ተናገረላት? ሥራዋ ጥሩ ነበር። የተናገረላት ግን ዛርኔትስኪ ነው። ቦታ ያለው ሰው ስሟን አነሳ። ምክርና ይህ አንድ አይደሉም። ምክር ሻይ እየጠጡም ይሰጣል። ስም የሚነሳው ግን ልጅቷ በሌለችበት ስብሰባ ላይ ነው፤ እድገት ሲወሰን፣ ትልቅ ፕሮጀክት ለማን ይሰጥ ሲባል። አሜሪካኖች መካሪውን ሜንተር፣ ስም አንሺውን ስፖንሰር ይሉታል። ወጣቶቹን ለመርዳት የምንደራጅ ሰዎች ብዙ ጊዜ ሜንተር አገናኝተን ጨረስን እንላለን። ገና መጀመራችን ነው። ቢሮ ውስጥ ቦታ ያላችሁ ሐበሻ ኢንጂነሮች፣ ይህ ለእናንተም ነው። የኢንተርንሺፕ ስም ዝርዝር ሲመጣ አንድ ስም አንሱ።

የሜሪ ታሪክ ሁለተኛው ክፍል ብዙ አይወራለትም። በኢንጂነርነት የመጨረሻው ደረጃ ደረሰች። ከዚያ በላይ ያለው የአመራር ወንበር አልተከፈተላትም። በ1979 ደረጃዋ ዝቅ እንዲል ፈቅዳ ኢንጂነርነቱን ተወች። የሴቶችን ቅጥርና እድገት የሚከታተለውን የሥራ ክፍል ያዘች። ይህን ሳስብ ሁልጊዜ ያመኛል። ሌሎችን ለመርዳት ከገዛ ሙያዋ መክፈል አልነበረባትም። ዛሬ ዋሽንግተን ያለው የናሳ ዋና መሥሪያ ቤት በስሟ ይጠራል። ስያሜው የተነገረው በ2020 ነው። እሷ ካረፈች 15 ዓመት አልፎ ነበር።

«ድጋፍ ማለት መመዘኛውን ዝቅ ማድረግ ነው»

ለሜሪ ማንም ፈተና አላቀለለላትም። የጠየቀችው ክፍሉ ውስጥ ለመቀመጥ ነው።

ከቅርብ ጊዜ ደግሞ ሃርቪ ማድ የሚባለውን የካሊፎርኒያ ኮሌጅ ውሰዱ። በ2006 ገደማ ኮምፒውተር ሳይንስ ከሚማሩት ውስጥ ሴቶቹ ከአሥር አንድ ያህል ነበሩ። መምህራኑ የመጀመሪያውን ኮርስ ለሁለት ከፈሉት። ከልጅነቱ ኮድ ሲጽፍ ያደገው ለብቻ፣ አዲሱ ለብቻ ጀመረ። ከዚያ በኋላ ሁለቱም ወደ አንድ ዓይነት ኮርስ ይገባሉ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ የሴቶቹ ድርሻ 40 በመቶ አካባቢ ደረሰ። ልጆቹ አልተቀየሩም። የተቀየረው አጀማመሩ ነው።

«የሴቶች ጉዳይ ከተፈታ የጥቁር ሴቶችም አብሮ ይፈታል»

በ1975 ነጭ ያልሆኑ 30 ሴት ሳይንቲስቶች ቨርጂኒያ ውስጥ ተሰብስበው ነበር። በዓመቱ በወጣው ሪፖርት ያለባቸውን ጫና ድርብ ማነቆ አሉት። ስለ ሴቶች ሲወራ የሚታሰቡት ነጭ ሴቶች ናቸው። ስለ ጥቁሮች ሲወራ የሚታሰቡት ወንዶች ናቸው። እነሱ ከሁለቱም ዝርዝር ይወድቃሉ።

ይህ በቁጥር የታየበት ጊዜ አለ። በ2018 ጆይ ቡኦላምዊኒና ትምኒት ገብሩ የሚባሉ ሁለት የኮምፒውተር ተመራማሪዎች ፊት አይተው ጾታ የሚለዩ የሦስት ድርጅቶችን ፕሮግራሞች ፈተኑ። ቆዳቸው ነጣ ባለ ወንዶች ላይ ስህተቱ ቢበዛ 0.8 በመቶ ነው። ቆዳቸው ጠቆር ባለ ሴቶች ላይ እስከ 34.7 በመቶ ደረሰ። ወንድና ሴት ብቻ ተብሎ ቢቆጠር ኖሮ የዚህ ክፍተት ስፋት አይታይም ነበር። የፈተኑት ራሳቸው ጥቁር ሴቶች መሆናቸው አጋጣሚ አይመስለኝም።

«እኛ ከኢትዮጵያ የመጣን ነን፤ ይህ የእነሱ ጉዳይ ነው»

በዚህኛው ላይ ከብዙ ሰው ጋር ተከራክሬያለሁ።

ፕሮፌሰር ሶስና ኃይሌ አዲስ አበባ ተወለዱ። አባታቸው የግዕዝ ሊቁ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ናቸው። በደርግ ጊዜ ወታደሮች አባትየውን ቤታቸው ድረስ መጥተው በጥይት አቆሰሏቸው። ቤተሰቡ ተሰድዶ ሚኒሶታ ገባ። ሶስና በኤምአይቲና በበርክሌይ ተምረው ነዳጅን ሳያቃጥል ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጥ አዲስ ዓይነት የነዳጅ ሴል ሠሩ። ዛሬ ኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ የኢንጂነሪንግ ፕሮፌሰር ናቸው። «ለሴት ልጅ ነርስነት ይሻላል» ለሚል ዘመድ ይህን ታሪክ ነው የምነግረው። ነርስነት ክቡር ሙያ ነው። ምርጫው ግን የልጅቷ ይሁን።

ዶክተር ትምኒት ገብሩም አዲስ አበባ ነው የተወለዱት፤ ወላጆቻቸው ኤርትራውያን ናቸው። በጦርነቱ ጊዜ ተሰድደው ማሳቹሴትስ ሲገቡ ገና ተማሪ ነበሩ። ውጤታቸው ጥሩ ሆኖ ሳለ አንዳንድ መምህራን ከፍ ወዳሉት የኮሌጅ ደረጃ ኮርሶች አናስገባም አሏቸው። ይህን የሚነግሩን ራሳቸው ናቸው። መምህሩ ልጅቷን ሲያያት የተሰደደችበትን ምክንያት አያይም። ያየው ቆዳዋን ነው።

እኛ ደግሞ መምህር አክባሪ ነን። መምህር ካለ አለ ነው። አሜሪካ ውስጥ ይህ ልጆቻችንን ያስከፍላቸዋል። አልጀብራን ስምንተኛ ክፍል የጀመረች ልጅ ሃይስኩል ሳትጨርስ ካልኩለስ ለመድረስ ጊዜ አላት። ከዚያ ዘግይታ የጀመረች ልጅ ኢንጂነሪንግ ስትገባ ከኋላ ተነስታ ትሮጣለች። የሒሳብ ክፍሉ የሚወሰነው ደግሞ ብዙ ወላጅ ገና ስለ ኮሌጅ ሳያስብ ነው።

ይህን ለመጠየቅ ኢንጂነር መሆን አያስፈልግም። እንግሊዝኛው ባይቀናችሁ አስተርጓሚ እንዲያቀርቡላችሁ መጠየቅ መብታችሁ ነው። የተማሪ አማካሪዋን በሰላምታ ጀምሩና እንዲህ በሉ፦ «ልጄ የትኛው ሒሳብ ውስጥ ናት? ከፍ ያለው ውስጥ ያልገባችው ለምንድን ነው? ለመግባት ምን ይጎድላታል?» መልሱን በኢሜይል እንዲልኩላችሁ ጠይቁ። ክፍሉ ሞልቷል ካሉ የሚቀጥለው ምደባ መቼ እንደሆነ ቀኑን ያዙ።