ጌም ልጅን ገዳይ ያደርጋል? የክርክሩ ነገር ምንድን ነው?

አሜሪካ ውስጥ አንድ ወጣት ትምህርት ቤት ገብቶ ተኮሰ በተባለ ቁጥር ቶሎ የሚመጣ ጥያቄ አለ፦ «ምን ዓይነት ጌም ይጫወት ነበር?» ጥያቄው 30 ዓመት አልፎታል። ፖለቲከኛ ያነሳዋል፤ ወላጅ ይጨነቅበታል፤ ተመራማሪዎችም እስካሁን አልተስማሙበትም።

ክርክሩ በአጭሩ ይህ ነው። መተኮስ፣ መግደልና ደም ያለበት ጌም የሚጫወት ልጅ በእውን ሰው ወደ መጉዳት ይሄዳል ወይ? አንዱ ወገን «ልጅ የለመደውን ያደርጋል» ይላል። ሌላው «ማስረጃው የታለ?» ይላል። እኔ ከሁለተኛው ጋር ነኝ። ምክንያቴን ላስረዳ።

ነገሩ የተጋጋለው በ1990ዎቹ መጀመሪያ ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በ1992 በወጣው ሞርታል ኮምባት የሚባል የፍልሚያ ጌም ላይ አንዱ ተፋላሚ ሲያሸንፍ የባላጋራውን ልብ ከደረቱ መንጭቆ ያወጣል። ሴናተር ጆ ሊበርማንና ሴናተር ኸርብ ኮል በ1993 መጨረሻ የጌም ኩባንያዎችን ሴኔት ፊት አቅርበው አፋጠጧቸው። ኩባንያዎቹም ሕግ ሳይወጣባቸው ተሽቀዳድመው በ1994 ኢኤስአርቢ የሚባለውን የዕድሜ ደረጃ ሰጪ አቋቋሙ። የጌም ሽፋን ላይ የምታዩት «ኤም» ፊደል ከዚያ የመጣ ነው። ዕድሜው 17 ላልሞላ አይሆንም ማለት ነው።

ከዚያ የኮሎምባይን ትምህርት ቤት ጥቃት መጣ። ሚያዝያ 1999 ኮሎራዶ ውስጥ ሁለት ተማሪዎች 12 ተማሪዎችንና አንድ መምህር ገደሉ። ሁለቱም ዱም የሚባለውን የተኩስ ጌም ይጫወቱ ነበር። ለብዙ ሰው ነገሩ እዚያ ላይ አለቀ፦ ጌሙ ነው ያስገደላቸው።

ግን ቆም ብላችሁ አስቡት። ፒው የጥናት ማዕከል በ2008 ባወጣው ጥናት ከአሜሪካ ታዳጊ ወንዶች 99 በመቶዎቹ ጌም ይጫወታሉ። ስለዚህ ገዳዩ ታዳጊ ወንድ ከሆነ ጌም ተጫዋች መሆኑ የማይቀር ነው። ያ ምክንያቱን አይነግረንም። ፕሬዚዳንቱን የሚጠብቀው የአሜሪካ ሲክሬት ሰርቪስ በትምህርት ቤት ጥቃት አድራሾች ላይ ባደረገው ጥናት የጥቃት ጌም የመውደድ ምልክት የታየባቸው 12 በመቶዎቹ ብቻ ነበሩ። በራሳቸው ጽሑፍ ውስጥ ስለ ጥቃት ይጽፉ የነበሩት ግን 37 በመቶ ናቸው።

በ2007 ቨርጂኒያ ቴክ ዩኒቨርሲቲ 32 ሰዎች ሲገደሉ፣ የገዳዩ ማንነት እንኳ ሳይጣራ ቴሌቪዥን ላይ በጌም ያሳበቡ ነበሩ። በኋላ የግዛቲቱ አጣሪ ቡድን የልጁን ታሪክ ከልጅነቱ ጀምሮ መረመረ። በልጅነቱ ይጫወት የነበረው እንደ ሶኒክ ያለውን ጌም ነው። ሶኒክ ማለት ሰማያዊ ጃርት የሚሮጥበት የልጆች ጨዋታ ነው። አጣሪዎቹ የጻፉት በአብዛኛው ስለ አእምሮ ሕመሙ፣ ስላላገኘው ሕክምናና እንዴት መሣሪያ ሊገዛ እንደቻለ ነው። እኔን የሚያናድደኝም ይሄ ነው። ጣት ወደ ጌም በተቀሰረ ቁጥር ዋናው ጉዳይ ይሸፈናል። ጃፓንና ደቡብ ኮሪያም ከአሜሪካ ባልተናነሰ ጌም ይጫወታሉ። እንዲህ ዓይነት የትምህርት ቤት የተኩስ እልቂት ግን አናይባቸውም። መሣሪያ እንደ ልብ አይገኝባቸውማ።

«ታዲያ ሳይንሱ ጌም ጎጂ ነው ይል የለም ወይ?» ትሉ ይሆናል። ይላል፤ ምን እንደለካ ግን ማየት ያስፈልጋል።

በዚህ ወገን ስማቸው የሚነሳው የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ክሬግ አንደርሰንና ብራድ ቡሽማን ናቸው። አንደርሰንና ባልደረቦቹ በ2010 ከ130,000 በላይ ሰዎች የተሳተፉባቸውን ጥናቶች አንድ ላይ ጨምቀው የጥቃት ጌም ጠበኛነትን ይጨምራል አሉ። ጠበኛነት የሚለካባቸው የላቦራቶሪ መንገዶች ግን እንዲህ ዓይነት ናቸው። ተማሪው ለጥቂት ደቂቃ የተኩስ ጌም ይጫወታል። ከዚያ ሌላ ክፍል ካለ ሰው ጋር በፍጥነት ቁልፍ የመጫን ውድድር ትገባለህ ይባላል። ያሸነፈ ለተሸነፈው በጆሮ ማዳመጫ የሚረብሽ ድምፅ ይልክበታል። ምን ያህል እንደሚጮህና ስንት ሰከንድ እንደሚቆይ የሚመርጠው አሸናፊው ነው። እዚያኛው ክፍል ሰው የለም፤ ተጋጣሚው ኮምፒውተር ነው። ሌላም አለ። ቅመም ለማይወድ ሰው ምን ያህል የሚያቃጥል ስጎ ትቀዳለታለህ ይባላል፤ ያበዛ ጠበኛ ተብሎ ይመዘገባል።

ጩኸት ከፍ ያደረገ ተማሪ ሁሉ ነገ ሰው ይወጋል? ማንም እንዲህ አላረጋገጠም። ጀርመናዊው ተመራማሪ ማልቴ ኤልሰን ደግሞ ሌላ ችግር አወጣ። በድምፁ ሙከራ የተሠሩ ጥናቶችን ሰብስቦ ሲያይ ውጤቱ ከ150 በላይ በሆኑ መንገዶች ሲሰላ አገኘው። አንዱ የጩኸቱን ከፍታ ብቻ ይወስዳል፤ ሌላው ርዝመቱን፤ ሌላው ሁለቱን ያባዛል። ሒሳቡ እንዲህ ልቅ ከሆነ የፈለጉትን ማግኘት አይከብድም።

የካሊፎርኒያ ግዛት የጥቃት ጌም ለልጆች እንዳይሸጥ ያወጣችው ሕግ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሲደርስ፣ እነዚህ ጥናቶች ዳኞች ፊት ቀረቡ። በ2011 ሕጉ በ7 ለ2 ድምፅ ወደቀ። ፍርዱን የጻፉት ዳኛ አንቶኒን ስካሊያ ያነሱት ነገር አይረሳኝም። አንደርሰን ራሱ በሰጠው ምስክርነት ያን ያህል ተፅዕኖ ልጆች የበግስ በኒን ካርቱን ሲያዩም ይታያል ብሎ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ጠንከር ያሉ ጥናቶች መጥተዋል። ጀርመን ውስጥ አዋቂዎች ለሁለት ወር በየቀኑ ጂቲኤ 5 የሚባለውን ወንጀል የበዛበት ጌም እንዲጫወቱ ተደረገ፤ በጠበኛነታቸው ላይ የታየ ለውጥ የለም። በ2019 የኦክስፎርዱ አንድሪው ፕርዚቢልስኪና ኔታ ዋይንስታይን 1,004 የብሪታንያ ታዳጊዎችን አጠኑ። የልጆቹን ጠባይ ወላጆቻቸውን ጠየቁ። መረጃውን እንዴት እንደሚያሰሉት አስቀድመው አስመዝግበው ስለነበር በኋላ ሒሳቡን መቀያየር አይችሉም። ግንኙነት አላገኙም።

ሐቁን ለመናገር የሌላውም ወገን እጁ ባዶ አይደለም። በ2018 ከ17,000 በላይ ልጆችን ያካተቱ፣ በጊዜ ሂደት የተከታተሉ ጥናቶች ተጨምቀው ትንሽ ጭማሪ ታይቷል። የአሜሪካ ሥነ ልቦና ማኅበር በ2020 የያዘው አቋም ሁለቱንም ያያል። የጥቃት ጌም እንደ መጮህና መገፍተር ካሉ ነገሮች ጋር ትንሽ ግንኙነት አለው፤ ከነፍስ ግድያና ከመሰል ጥቃት ጋር ለማያያዝ ግን በቂ ማስረጃ የለም ይላል። መጮህና መገፍተር ቀላል ነገር ነው አልልም። ልጁ እህቱን የሚገፈትር ወላጅ ያሳስበዋል። ግን ያ የቤት ጉዳይ ነው፤ ገዳይ እያሳደግኩ ነው ብሎ እንቅልፍ የሚያሳጣ አይደለም።

እኔ ይበልጥ ልብ የምለው በ2014 የወጣ ሌላ ሥራ ነው። ፕርዚቢልስኪና ባልደረቦቹ አንድ የተኩስ ጌም ወስደው ግድያውን አወጡለት። ጠላት ሲመታ ደም የለም፤ ብቻ ተንሳፍፎ ይጠፋል። ልዩነት አላመጣም። ተጫዋቾቹን ያናደዳቸው ጌሙ እምቢ ሲላቸው፣ ቁልፎቹ ግራ ሲያጋቧቸው ነበር። ጠብታ ደም የሌለበት፣ ጡብ መደርደሪያው ጌም ቴትሪስ እንኳ ሆን ተብሎ ሲከብድ ሰውን ያበሳጫል።

አዲስ አበባ ፕሌይስቴሽን ቤት ገብቶ ያየ ሰው ይህ አይገርመውም። አብዛኛው ልጅ እዚያ የሚጫወተው ኳስ ነው። ጭቅጭቁ የሚነሳውም በዚያው ነው፦ በ90ኛው ደቂቃ ጎል የገባበት ልጅ ጆይስቲኩን ይጥላል፣ «አጭበረበርክ» ይላል፣ ይሰዳደባል፤ ቀጥሎ ተራ የያዘው ደግሞ «ተነስ እንጂ!» ይለዋል።