ያልተወለዱ ጥጆችን የሚያጠቃው ኒኦስፖራ፦ ዘረመላዊ ብዝኃነቱና የጅማ ከብት ርባታ

ኒኦስፖራ ካኒነም በአንድ ሕዋስ የተገነባ ጥገኛ ተውሳክ ሲሆን፣ በዓለም ዙሪያ የወተት ላሞችን ከሚያስጨነግፉ ዋና ዋና መንስኤዎች አንዱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1984 በኖርዌይ በታመሙ ውሾች ላይ ታየ፤ በ1988 የአሁኑን ስሙን አገኘ፤ በ1998 ደግሞ ውሻ ዋነኛ አስተናጋጁ መሆኑ ተረጋገጠ። በኢትዮጵያም በወተት ላሞች ላይ በተደረጉ የደም ምርመራዎች ፀረ እንግዳ አካሉ (ሰውነት ተውሳኩን ለመከላከል የሚሠራው ንጥረ ነገር) ተገኝቷል።

ኒኦስፖራ ወደ ጽንሱ የሚደርሰው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው፣ እርጉዟ ላም በውሻ ዓይነ ምድር የተበከለ መኖ ወይም ውኃ ስትወስድ የሚፈጠር አዲስ ልክፍት ነው። ሁለተኛው በላሟ አካል ውስጥ ተሸሽጎ የኖረው ተውሳክ በእርግዝናው ጊዜ ዳግም ሲነቃና በእንግዴ ልጁ በኩል ወደ ጥጃው ሲሻገር ነው። ውርጃው ብዙውን ጊዜ በአምስተኛውና በስድስተኛው ወር ላይ ይደርሳል፤ ሆኖም አብዛኞቹ የተለከፉ ጥጆች ጤናማ መስለው ይወለዳሉ፤ ሴቶቹም አድገው ሲያረግዙ ተውሳኩን ለራሳቸው ልጆች ያስተላልፋሉ። አንድ ጊዜ የገባበት የላም ትውልድ ለዓመታት ይዞት የሚቆየው በዚህ ምክንያት ነው።

የዘረመል ጥናቱ ትልቁ ጥያቄ ከዚህ ይነሣል፦ በየአገሩ የሚገኘው ኒኦስፖራ አንድ ዓይነት ነው ወይስ የተለያየ? እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ምርምር ከተለያዩ አገራትና እንስሳት የተሰበሰቡ 50 ናሙናዎችን በ19 የዘረመል ምልክቶች መርምሮ ሁሉም የአንድ ዘረመል ዓይነት መሆናቸውን አረጋገጠ፤ ሙሉ ዘረመላቸው በተነበበው ሰባቱ ውስጥም በአንድ የዲኤንኤ ፊደል የሚለያዩ ነጥቦች በድምሩ 5,766 ብቻ ነበሩ። ተመራማሪዎቹ ከአፍሪካ ከብቶች የተገኘ የደም ምርመራ መረጃንም አክለው፣ ተውሳኩ ከአውሮፓ የወተት ከብቶች ተነሥቶ በቅርብ ዘመን በሰው እንቅስቃሴ ዓለምን እንዳዳረሰ ደምድመዋል።

ይህ ማለት ግን ሁሉም አንድ ዓይነት ጉዳት ያደርሳሉ ማለት አይደለም። ከጤናማ ጥጃ የተገኘው የስፔን 1ኤች ናሙና፣ ለምሳሌ፣ ጉዳቱ አነስተኛ ነው። ማይክሮሳተላይት የሚባሉት አጫጭር ተደጋጋሚ የዲኤንኤ ክፍሎች ደግሞ በፍጥነት ስለሚለዋወጡ፣ ዋናው ዘረመል ተመሳሳይ በሆነበት ቦታም ቢሆን እጅግ ብዙ ልዩነቶችን ያሳያሉ። የእነዚህ ጥቅም ምንጩን መለየት ነው፦ በአንድ በረት ውስጥ ብዙ ላሞች በተቀራራቢ ጊዜ ጨንግፈው የጽንሶቹ ማይክሮሳተላይት አንድ ሆኖ ከተገኘ የጋራ የብክለት ምንጭ፣ ምናልባትም አንድ ውሻ፣ ሊጠረጠር ይገባል፤ ልዩነቱ ከበዛ ግን እያንዳንዱ የላም ትውልድ የየራሱን ተውሳክ ይዞ እንደኖረ ያመለክታል።

ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ምዕራብ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ የምትገኘው ጅማ ለዚህ ጥናት ተስማሚ ቦታ ናት ብዬ አምናለሁ። እ.ኤ.አ. በ1952 የተመሠረተው የግብርና ትምህርት ቤት ዛሬ በጅማ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የግብርናና የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ሆኖ ይገኛል። በከተማዋና በዙሪያዋ የአገሬው ላሞችና ፍሪዥያን የተባለው የአውሮፓ የወተት ከብት ዝርያ ክልሶች በቅርብ ርቀት ይረባሉ። ተውሳኩ በዋናነት የሚተላለፈው በእናት እንጂ በኮርማ ዘር ስላልሆነ፣ በሰው ሠራሽ ማዳቀል ከአገሬው ላም የተወለደው ክልስ እና ከውጭ ደም ካላት እናት የተወለደው ክልስ በአንድ ዓይን መታየት የለባቸውም። ተውሳኩ ከአውሮፓ ከብቶች ተነሣ የሚለው መላ ምት በጅማ ቢፈተን ማስረጃውን የሚሰጡት እነዚህ ሁለት ቡድኖች ናቸው።

ችግሩ ማስረጃው ከእጅ ማምለጡ ነው። የጨነገፈ ጽንስና የእንግዴ ልጅ ሜዳ ላይ ሲጣል ውሻ ይበላዋል፤ እ.ኤ.አ. በ2001 እንደታየው የላም እንግዴ ልጅ የበላ ውሻ ተውሳኩን በዓይነ ምድሩ ሊያወጣ ይችላል። ስለዚህ ያለ ምርመራ የተጣለ ቅሪት መረጃውን ከማጥፋቱም በላይ በሽታውን ይመግባል። ናሙና የሚወሰደው በተለይ ከአንጎል፣ እንዲሁም ከልብና ከጉበት ሲሆን፣ ሳይበሰብስ በቶሎና በቅዝቃዜ ወደ ላቦራቶሪ መድረስ አለበት። ኒኦስፖራ ወደ ሰው እንደሚተላለፍ ባይረጋገጥም ውርጃ ሰውንም በሚይዘው ብሩሴላ በተባለ ባክቴሪያም ስለሚመጣ፣ ጽንሱን የሚነካ ሰው ጓንት ማድረግ ይኖርበታል።

ዘረመሉን ለመለየት የተውሳኩ ዲኤንኤ የግድ ያስፈልጋል፤ የደም ምርመራ የሚነግረው የመጋለጥን ታሪክ ብቻ ነው። ለጥጃ ግን ቀላል መንገድ አለ። የላም እንግዴ ልጅ ፀረ እንግዳ አካልን ወደ ጽንሱ ስለማያሳልፍ፣ እንገር ሳይጠባ ደሙ የተወሰደ ጥጃ ፀረ እንግዳ አካሉ ከተገኘበት ልክፍቱ በማኅፀን ውስጥ ደርሶበታል ማለት ነው።