የኤክስኤምፒፒ ኮምፖነንት ምንድን ነው?

ኤክስኤምፒፒ በ1999 ጃበር ተብሎ ብቅ ያለ ክፍት የመልእክት መለዋወጫ ፕሮቶኮል ነው። ፕሮሶዲ፣ ኢጃበርዲና ኦፕንፋየር የተባሉት የሰርቨር ፕሮግራሞች የሚሠሩት በእሱ ነው። ታዲያ ሰርቨሩ ራሱ የማይሰጠውን አገልግሎት ብንፈልግስ? ብዙ ሰው ቶሎ ትዝ የሚለው ቦት፣ ማለትም ለመልእክት በራሱ የሚመልስ ፕሮግራም ነው። ቦት ግን እንደማንኛውም ተጠቃሚ አካውንት ተከፍቶለት ይገባል፤ አድራሻውም አንድ ብቻ ነው።

ኮምፖነንት ከሰርቨሩ ውጭ ራሱን ችሎ የሚሠራ ፕሮግራም ነው። አንድ ሙሉ ዶሜይን ይሰጠዋል። ሰርቨራችን «ቢሮ.ምሳሌ» ነው እንበል። ለአየር ሁኔታ «አየር.ቢሮ.ምሳሌ»ን ብንመድብ፣ ወደዚያ ዶሜይን የተላከ ሁሉ ፕሮግራማችን ጋ ይደርሳል። «ጎንደር@አየር.ቢሮ.ምሳሌ» ብሎ የጻፈ የጎንደርን፣ በጎንደር ፈንታ «አዳማ» ያለ የአዳማን ያገኛል። ለአንዳቸውም አካውንት አልተከፈተም! እኔን ከሁሉም ደስ የሚለኝ ይሄ ነው። ቢቡሚ የተባለው ኮምፖነንት አይአርሲ የሚባለውን የቆየ የቻት ሥርዓት ቻናሎች ወደ ኤክስኤምፒፒ የሚያመጣውም በዚሁ መንገድ ነው።

ማገናኘቱ አይከብድም። ሰርቨሩ ሴቲንግ ላይ ዶሜይኑና የሚስጥር ቃሉ ይጻፋል። ፕሮግራሙ ይገናኛል፤ ፕሮሶዲ ላይ ፖርቱ (የሚገናኝበት የበር ቁጥር) ብዙውን ጊዜ 5347 ነው። ሰርቨሩ የግንኙነቱን መለያ ይልክለታል። ፕሮግራሙ ከመለያው ቀጥሎ የሚስጥር ቃሉን ይገጥምና የሁለቱን ኤስኤችኤ-1 ሃሽ፣ ማለትም ከእነሱ ተሰልቶ የሚወጣ አጭር ኮድ ይመልሳል። ልክ ከሆነ ባዶ «ሃንድሼክ» (ተቀብዬሃለሁ የሚል ምልክት) ይመጣለታል፤ በቃ፣ ገባ። የሚስጥር ቃሉ ራሱ በመስመሩ አያልፍም። መልእክቶቹ ግን ፕሮቶኮሉ ስለማያመሰጥራቸው እንዳሉ ነው የሚያልፉት። ስለዚህ ሰርቨሩንና ፕሮግራሙን አንድ ማሽን ላይ አድርጉ፣ ፖርቱን ለኢንተርኔት አትክፈቱ።

ሥራው የሚበዛው ከዚያ በኋላ ነው። ሰርቨሩ ለተጠቃሚ የሚሠራውን ለኮምፖነንት አይሠራም። የጓደኞች ዝርዝር አይዝለትም። ላኪው ማን እንደሆነ በየመልእክቱ ላይ ኮምፖነንቱ ራሱ መጻፍ አለበት። ጓደኛ ልሁን የሚል ጥያቄ ሲመጣ የሚቀበለው ወይም የሚከለክለው እሱ ነው። በተለይ «አይኪው» የሚባለው ጥያቄ መልስ ሳያገኝ መቅረት የለበትም፤ የማያውቀው ዓይነት ከሆነም ስህተት ብሎ ይመልስ። ዝም ካለ የተጠቃሚው አፕ ሲጠብቅ ይቆያል።

በፓይተን ለሚጽፍ ስሊክስኤምፒፒ የተባለው ላይብረሪ ለኮምፖነንት የተዘጋጀ ክላስ አለው። መጀመሪያ «አንተ ማነህ፣ ምን ትችላለህ?» ለሚለው የአገልግሎት ፍለጋ ጥያቄ መልስ ስጡ፤ አፖች አገልግሎቱን የሚያውቁት በዚያ ነው። ከዚያ የአየር ሁኔታውን ጨምሩ። ኮዱ ቢበላሽም የሚወድቀው ኮምፖነንቱ ብቻ ነው፤ ሰርቨሩ ላይ ያሉት ሰዎች ወሬያቸውን ይቀጥላሉ።