«ጎማ ነው እንዴ?» ስለ ስቲል ሰዓትና ስለ ጎማ ማሰሪያ የሚወሩ ስህተቶች

ፒያሳ አንድ ሰዓት ሰሪ ጠረጴዛ አጠገብ አስር ደቂቃ የቆመ ሰው ይህን ሳይሰማ አይሄድም። ገዢው ሰዓቱን ያነሳል፣ በመዳፉ ከፍ ዝቅ እያደረገ ይመዝነዋል፣ ማሰሪያውን ዳሰስ ያደርግና «ጎማ ነው እንዴ? ኦሪጅናል ቢሆን ስቲል ይሆን ነበር» ብሎ ይመልሰዋል። ፊቱን አላየ፣ የጀርባ ክዳኑን አላየ፣ መሙያውን አልነካ። ውድ የሰዓት አምራቾች ስቲል ሰዓትን ከጎማ ጋር መሸጥ አለባቸው ወይ የሚለው ክርክርም ሥሩ ይኸው ንቀት ስለሆነ ከእሱ እንጀምር።

«ጎማ የርካሽ ሰዓት ነው»

መጀመሪያ ስለ ክብደቱ። 40 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ስቲል ሰዓት ከነሰንሰለቱ 150 ግራም አካባቢ ይመዝናል። በጎማ ሲታሰር ወደ 100 ግራም ይወርዳል። በመዳፍ የሚመዘነው ትልቅ ክፍል ሰንሰለት ነው ማለት ነው፤ ፎርጅድ የሚሠራ ሰው ደግሞ ከባድ ሰንሰለት ለመሥራት የሚቸግረው ነገር የለም። ክብደት ስለ ሞተሩ ምንም አይናገርም።

ወደ ክብሩ እንምጣ። እ.ኤ.አ. በ1980 ካርሎ ክሮኮ ሁብሎ የተባለውን ሰዓት ይዞ ብቅ ሲል ጎማውን ያሰረው ከወርቅ ሰዓት ጋር ነበር። (ያ ጎማ ቫኒላ ቫኒላ ይሸት ነበር።) ፓቴክ ፊሊፕ በ1997 አኳኖትን ሲያወጣ ስቲሉን በጎማ አሰረው፤ በሰዓቱ ፊት ላይ ያለው የዳማ ቅርጽ ማሰሪያው ላይም ይቀጥላል፣ ማለትም ጎማው ከንድፉ ጀምሮ የታሰበበት ነው። ሮሌክስ በ2015 ኦይስተርፍሌክስ የተባለውን ማሰሪያ ያስተዋወቀው በወርቅ ያክት ማስተር ሰዓት ነው፤ ከላይ ጥቁር ጎማ ይመስላል፣ ውስጡ ግን ከቲታኒየምና ኒኬል ቅይጥ የተሠራ ስስ ብረት አለበት። እንግዲህ ጎማ ወርቅን ካላዋረደ ስቲልን በምን ያዋርዳል? ስቲል ራሱ እኮ የላብ፣ የውሃና የሥራ ብረት ነው። ኦዴማር ፒጌ በ1972 ሮያል ኦክን ሲያወጣ «ለስቲል ይህን ያህል ዋጋ?» ብሎ የሳቀው ሰው ብዙ ነበር። ዛሬ ያንኑ ስቲል የክብር መለኪያ አድርገው ጎማ ላይ ይስቃሉ።

ስለዚህ መልሱ አዎ፣ መሸጥ አለባቸው ነው፤ በተለይ ሰንሰለቱ ከአካሉ ጋር ተያይዞ የተነደፈ ሰዓት የሚሠሩት። ምክንያቱ የሥራ ነው። ተራ ሰዓት ከላይም ከታችም ማሰሪያው የሚገባበት ሁለት ሁለት ጆሮ አለው፤ የጆሮዎቹ መሃል 20 ሚሊ ከሆነ ማንኛውም ባለ 20 ማሰሪያ ይገባበታል። ሮያል ኦክንና የፓቴክ ፊሊፕ ኖቲለስን በመሰሉ ሰዓቶች ላይ ግን ተራ ማሰሪያ መግቢያ የለውም። አምራቹ ጎማ ካልሠራለት ባለቤቱ ከውጭ ይገዛል፤ የሚያገኘው አብዛኛውን ጊዜ ልኩ ያልጠበቀ፣ እየተወዛወዘ የአካሉን ጠርዝ የሚፍቅ ነገር ነው። ጉዳዩን በደንብ የጨረሰው ቫሸሮን ኮንስታንታን ነው፦ በ2016 የወጣው ስቲል ኦቨርሲስ ከስቲል ሰንሰለት፣ ከቆዳና ከጎማ ጋር በአንድ ሳጥን መጣ፤ መቀያየሪያ መሣሪያም አያስፈልገው።

አንድ ነገር ግን እውነት ነው። ጎማ ብቻ ያለውን ገዝቶ የፋብሪካውን ሰንሰለት በኋላ ለብቻ መግዛት ኪስ ይጎዳል። ምርጫ ካላችሁ ከነሰንሰለቱ ግዙና ጎማውን ጨምሩበት። ከባድና ወፍራም ሰዓት ላይ ደግሞ ጎማው ከላላ ሰዓቱ ወደ አንድ ጎን ይንከባለላል፤ ሚዛኑን የሚይዝለት ሰንሰለት ከስር የለውማ።

«ለሽምግልና በጎማ አይኬድም» ለሚሉ፦ ይሁን፣ ለዚያ ቀን ቆዳ ይታሰር።

«ጎማ ያለው ሰዓት ውሃ አያስገባም»

ውሃ የሚከለክለው በጀርባ ክዳኑና በመሙያው ላይ ያለው ጎሚኒ ነው። ማሰሪያው ከዚህ ጋር አይገናኝም። 30 ሜትር የተጻፈበት ሰዓት ጎማ ቢታሰርበትም ለዋና አይሆንም።

«ጎማ ሁሉ አንድ ነው»

አይደለም። ሲሊኮን ሲጎትቱት ይለጠጣል፣ ጋቢ አጠገብ ከዋለ ጥጡን ለቅሞ ይመጣል፣ የሸሚዝ እጅጌም ይይዛል። የተፈጥሮ ጎማ ይመቻል፣ ጠላቶቹ ግን ቅባትና ፀሐይ ናቸው፤ ቫዝሊን ያሳብጠዋል። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች ፀሐዩ ይበረታል፤ የመኪና ዳሽቦርድ ላይ የሚውል ማሰሪያ መጀመሪያ የሚሰነጠቀው ቀዳዳዎቹ ዙሪያና ከሰዓቱ ጆሮ ሥር በሚታጠፍበት ቦታ ነው። ጎበጥ አድርጋችሁ እዚያ እዩ። ሦስተኛው ኤፍኬኤም የሚባለው ሰው ሠራሽ ጎማ ነው፦ በእጅ ሲይዙት ከበድ ይላል፣ ብናኝ አይለቅምም፣ ቅባትም ሳኒታይዘርም በቀላሉ አይበግረውም። የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያው አሴቶን ግን ያበላሸዋል። ሲሊኮኑን ኤፍኬኤም ብሎ የሚሸጥ ስላለ ስትገዙ ለስላሳ ጨርቅ ላይ ፈተግ አድርጉት፤ ጨርቁን ከነከሰና ብናኝ ይዞ ከተነሳ ሲሊኮን ነው።

«ጎማ እጅ ያሳክካል»

ብዙውን ጊዜ የሚያሳክከው ከስሩ የታመቀ ላብና ሳሙና ነው። ከምግብ በፊትና በኋላ እጃችንን ስንታጠብ ሳሙናው ማሰሪያው ስር ይገባል፣ እዚያው ይደርቃል። በሳምንት አንዴ ፈትታችሁ፣ ለብ ባለ ውሃና በሁለት ጠብታ ላርጎ፣ በለስላሳ የጥርስ ብሩሽ እጠቡትና ጥላ ውስጥ አድርቁት። ቀዩ ምልክት በዘለበቱ ልክ ብቻ ከወጣ ግን ጎማውን አትውቀሱ፤ ብረቱ ነው። 316ኤል የሚባለው ስቲል ከ10 እስከ 14 በመቶ ኒኬል ቢኖረውም የሚለቀው በጣም ጥቂት ነው። የሚያስቸግረው ርካሽ ቅብ ዘለበት ነው።

«ማሰሪያ መቀየር በቢላ ጫፍ ያልቃል»

ቢላው ይንሸራተትና የጆሮውን ውስጥ ይጭረዋል። ሹካ ጫፍ ያለው መሣሪያ አለ፣ ርካሽ ነው። ከመጀመራችሁ በፊት ጆሮዎቹ ላይ ስኮች ለጥፉ። የጆሮዎቹን መሃል በዓይን ሳይሆን በካሊፐር ለኩ፤ 19 እና 20 ለዓይን አንድ ናቸው። ባለ 20 ጎማ 19 ውስጥ ሲጨናነቅ ይገባል፣ ግን ባለ ስፕሪንጓ ፒን እስከ ጫፏ አትዘረጋም፣ አንድ ቀን ታመልጣለች። የፒኗም ውፍረት ይለያያል፦ ተራው 1.5 ሚሊ፣ ጠንከር ያለው 1.8፣ ብዙ የሴይኮ የጠላቂ ሰዓቶች ላይ 2.5 ነው። አሮጌ ፒን መልሳችሁ አትክተቱ። የዘለበቱ ግማሽ 12 ቁጥር ባለበት በኩል ነው፣ በእኛ አቆጣጠር ስድስት ሰዓት ላይ።

ተቆርጦ የሚስተካከል ጎማ ከሆነ ከሰዓት በኋላ፣ እጅ ሞቅ ሲል ቁረጡት፤ በአዲስ አበባ ጠዋት ብርድ የተለካ በቀትር ያንቃል። ከሁለቱም ጎን ተራ በተራ፣ አንድ አንድ መስመር ብቻ፣ በየመሃሉ እየለበሳችሁ፤ የተቆረጠው አይመለስምና። ሲያልቅ ሰዓቱን ፎጣ ላይ ያዙና ማሰሪያውን በሁለቱም በኩል ጠበቅ አድርጋችሁ ሳቡት። ቀጭ ሳትል የቀረች ፒን ካለች እዚያው ፎጣው ላይ ትወድቃለች።