ከሩቅ የሚያይ፣ ቀርቦ የሚያጣራ፦ በሕዋ ቴሌስኮፖችና በመንኮራኩሮች የሚካሄደው የሥነ ፈለክ ምርምር

ከዋክብት ብልጭ ድርግም የሚሉት ራሳቸው እየተርገበገቡ አይደለም። ለዘመናት የተጓዘው ብርሃናቸው ዓይናችን ዘንድ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው በሚናወጥ አየር ውስጥ ያልፋል፤ አየሩም ያወዛውዘዋል። ለተመልካች ውበት የሆነው ይህ ነገር ለሥነ ፈለክ ባለሙያ ችግር ነው። ከዚህ የባሰም አለ። ኤክስሬይና አብዛኛው አልትራቫዮሌት ጨረር ከባቢ አየሩን ዘልቆ ወደ ምድር አይደርስም፤ ከኢንፍራሬዱም ብዙውን የውሃ ተን ይውጠዋል። አሜሪካዊው ላይማን ስፒትዘር ቴሌስኮፕን ከአየሩ በላይ ማውጣት የሚያስገኘውን ጥቅም በጽሑፍ ያብራራው በ1946 ነው (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ያኔ ወደ ምህዋር የወጣ አንድም ሳተላይት አልነበረም።

ዛሬ ዘርፉ በሁለት እግሩ ቆሟል። አንዱ ከመሬት ብዙም ሳይርቁ እጅግ ሩቁን የሚያዩት የሕዋ ቴሌስኮፖች ናቸው። ሌላው ወደ ፕላኔቶችና ወደ ጨረቃዎቻቸው ተጉዘው የሚለኩ፣ ፎቶ የሚያነሱ፣ አንዳንዴም የድንጋይና የአፈር ናሙና ይዘው የሚመለሱ ሰው አልባ መንኮራኩሮች ናቸው። ብዙ ጊዜ ለየብቻ ይወራላቸዋል። የምርምሩ ትልቁ ፍሬ የሚገኘው ግን አንዱ የጀመረውን ሌላው ሲጨርሰው ነው።

ሀብል ቴሌስኮፕ 2.4 ሜትር ስፋት ያለው መስታወቱን ይዞ በኤፕሪል 1990 ሲመጥቅ የስፒትዘር ሐሳብ የሠመረ መስሎ ነበር። የመጀመሪያዎቹ ምስሎች ግን ደብዛዛ ሆነው መጡ። መስታወቱ እጅግ በጥንቃቄ ተሞርዷል፤ የተሞረደው ግን በተሳሳተ ቅርጽ ነበር። በሥራው ወቅት ለመለኪያነት ያገለገለው መሣሪያ በ1.3 ሚሊ ሜትር ተዛንፎ ስለተገጣጠመ የመስታወቱ ጠርዝ ከሚገባው በላይ ዝርግ ሆነ። ልዩነቱ 2 ማይክሮ ሜትር ገደማ፣ ማለትም የአንድ ፀጉር ውፍረት ሃምሳኛ እጅ ያህል ነው። ብርሃኑ በአንድ ነጥብ ላይ እንዳይሰበሰብ ለማድረግ ይህ በቂ ነበር። በዲሴምበር 1993 ጠፈርተኞች ሄደው ማስተካከያውን ገጠሙለት፤ ሀብልም ዓይኑ በራ።

ከሁለት ዓመት በኋላ በወቅቱ ምርምሩን የሚመራው ተቋም ዳይሬክተር የነበረው ሮበርት ዊልያምስ በራሱ ሥልጣን የሚያዝበትን የቴሌስኮፕ ጊዜ ባዶ ለሚመስል አንድ ጠባብ የሰማይ ጥግ ሰጠ። ምንም ላይታይ ይችል ስለነበር ድፍረት የሚጠይቅ ውሳኔ ነበር። ሀብል አሥር ቀናት ሙሉ እዚያው ላይ አፍጥጦ 3,000 የሚደርሱ ጋላክሲዎችን አሳየ።

በዲሴምበር 25 ቀን 2021 የመጠቀው ጄምስ ዌብ ደግሞ በዋናነት የሚያየው ኢንፍራሬድን ነው። ኢንፍራሬድ የሙቀት ብርሃን በመሆኑ ቴሌስኮፑ ራሱ ከሞቀ የገዛ ሙቀቱ ያሳውረዋል። ስለዚህ ከመሬት 1.5 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ርቆ፣ የቴኒስ ሜዳ በሚያህል ባለ አምስት ንብርብር የፀሐይ መከላከያ ጥላ ሥር ተቀምጧል። በወርቅ የተለበጠው 6.5 ሜትር መስታወቱ ከ18 ክፍሎች የተገጣጠመ ነው፤ የመጠቀው ተጣጥፎ ሲሆን የተዘረጋው ሕዋ ላይ ነው። በዚያ ርቀት እንደ ሀብል ጠፈርተኛ ልኮ ማስጠገን አይታሰብም።

ሕዝብ የሚያውቃቸው የእነዚህን ቴሌስኮፖች ፎቶዎች ነው። ተመራማሪው የሚያድርበት ግን ብዙ ጊዜ ብርሃን በሞገድ ርዝመቱ ተዘርዝሮ የሚታይበት ጠመዝማዛ መስመር ነው፤ እኔም ከፎቶው ይልቅ የሚያስደንቀኝ ይኸው ነው። አንድ ፕላኔት በኮከቡ ፊት ሲያልፍ የኮከቡ ብርሃን በጥቂቱ ይቀንሳል። መሬት በፀሐይ ፊት ስታልፍ ከሩቅ ለሚያይ ሰው የሚጎድለው ከአሥር ሺህ አንድ እጅ እንኳ አይሞላም። ኬፕለር የተባለው ቴሌስኮፕ ከ2009 እስከ 2018 በነበረው ሥራ ከ2,600 በላይ ፕላኔቶች እንዲታወቁ ያስቻለው ይህን መሰል ቅናሽ በመቁጠር ነው። ከኮከቡ ብርሃን ጥቂቱ በፕላኔቱ ከባቢ አየር ውስጥ አልፎ ስለሚመጣ፣ በአየሩ ያሉ ጋዞች እያንዳንዳቸው በሚታወቅ የሞገድ ርዝመት ላይ አሻራቸውን ይተዋሉ። ዌብ በ2022 ዋስፕ 39ቢ በተባለው ፕላኔት አየር ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድን የለየው እንዲህ ነው። እግር ሊረግጠው የማይችለውን ዓለም አየር ከብርሃን ማንበብ ማለት ነው።

ቀርቦ ማየት ደግሞ ሌላ ጸጋ አለው። በማርች 1979 ቮየጀር 1 ጁፒተርን አልፎ ሲሄድ ሊንዳ ሞራቢቶ የመንኮራኩሩን አቅጣጫ ከሚቆጣጠሩት ባለሙያዎች አንዷ ነበረች። አዮ የተባለችውን ጨረቃ የሚያሳየው ምስል የተነሳው ለሳይንስ ሳይሆን ከጀርባዋ ባሉ ከዋክብት የመንኮራኩሩን ቦታ ለማስላት ነው። ሞራቢቶ አንዲት ፈዛዛ ኮከብ ለመለየት ምስሉን ስታደምቀው፣ ከአዮ ጠርዝ ባሻገር ሌላ ጨረቃ ከኋላዋ ብቅ ያለች የሚመስል ማጭድ ቅርጽ ታየ። ሌላ ጨረቃ አልነበረም፤ ከ250 ኪሎ ሜትር በላይ ወደ ላይ የተተኮሰ የእሳተ ገሞራ ፍንዳታ ነበር። ከመሬት ውጭ በሥራ ላይ ያለ እሳተ ገሞራ ሲታይ የመጀመሪያው ነው። በዚያው ወር ስታንሊ ፒልና ሁለት ባልደረቦቹ የጁፒተር ስበት አዮን እየጨመቀ እየለቀቀ ውስጧን ሊያቀልጠው እንደሚችል በስሌት አሳይተው ነበር። ጽሑፋቸው በታተመ በሳምንት ገደማ ምስሉ መሰከረላቸው።

የሁለቱን መንገዶች ዝምድና እንደ ኤንሴላደስ የሚያሳይ የለም። 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ዲያሜትር ያላትን ይህችን የሳተርን ጨረቃ ዊልያም ሄርሸል በ1789 አገኛት፤ ከዚያ በኋላ ለሁለት መቶ ዓመት ያህል ከብርሃን ነጥብነት አላለፈችም። በ2005 መጀመሪያ ካሲኒ የተባለው መንኮራኩር በአጠገቧ ሲያልፍ፣ ካሜራው ሳይሆን የማግኔት መስክ መለኪያው አንድ ነገር ነቃ። የሳተርን ማግኔታዊ መስክ ጨረቃዋ አጠገብ የሆነ ነገር እንደገፋው ሁሉ ጎብጧል። የመለኪያው ተመራማሪዎች ሌሎቹን አሳምነው በጁላይ ወር መንኮራኩሩ 173 ኪሎ ሜትር ድረስ እንዲጠጋት ተደረገ። ለካስ በደቡብ ዋልታዋ ካሉት ስንጥቆች የውሃ ተንና የበረዶ ብናኝ ወደ ሕዋ እየተረጨ ኖሯል። ካሲኒ በርጭቱ ውስጥ ደጋግሞ እያለፈ ጨው፣ ሃይድሮጅንና የካርቦን ውህዶችን ለየ፤ ከበረዶው ሥር ውቅያኖስ እንዳለም ታወቀ። ነዳጁ ሲያልቅ ድንገት ወድቆ እነዚህን ጨረቃዎች እንዳይበክል በሴፕቴምበር 2017 ወደ ሳተርን እንዲገባና እንዲቃጠል ተደረገ።

ሥራው ግን በዚያ አላበቃም። በ2023 ተመራማሪዎች የካሲኒን የቆዩ መረጃዎች እንደገና መርምረው ለሕይወት አስፈላጊ የሆነውን ፎስፈረስ አገኙበት። በዚያው ዓመት ዌብ ከሩቅ ሆኖ የውሃ ተኑ ወደ 10,000 ኪሎ ሜትር እንደሚዘልቅ ለካ። ካሲኒ ርጭቱን ከውስጥ ቀመሰው እንጂ ሙሉ ስፋቱን ሊያየው አልቻለም ነበር።

መረጃ ማስቀመጥ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ማጄላንም ይመሰክራል። ይህ መንኮራኩር የቬነስን ገጽ በደመናዋ ውስጥ በራዳር ያነሳው በ1990ዎቹ መጀመሪያ ነው። ማት ሞንስ በተባለው ተራራ አጠገብ ያለ አንድ የእሳተ ገሞራ አፍ በፌብሩዋሪ 1991 በተነሳው ምስል 2.2 ካሬ ኪሎ ሜትር ይሰፋል፤ በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ ወደ 4 ካሬ ኪሎ ሜትር አድጓል። ሁለቱ ምስሎች በተለያየ አንግል ስለተነሱ ማነጻጸሩ አድካሚ ነበር። ልዩነቱን ዓይን አይቶት ይፋ የሆነው በ2023፣ ከሠላሳ ዓመት በኋላ ነው።

የቴሌስኮፕ ጊዜ የሚገኘው በውድድር ነው። ዌብ በአንድ ዙር ብቻ ከ2,000 በላይ የምርምር ሐሳቦች ቀርበውለታል፤ ብዙዎቹ መውደቃቸው የግድ ነው። ከ2018 ጀምሮ በሀብል ውድድር የአመልካቾች ስም ከገምጋሚዎች እንዲሰወር ተደርጓል፤ ሐሳቡ በራሱ እንዲመዘን የሚያደርግ ትክክለኛ እርምጃ ነው። አሸናፊዎቹ ያገኙት መረጃም አብዛኛውን ጊዜ ቢበዛ በአንድ ዓመት ውስጥ ለማንም ክፍት ይሆናል።

ቴሌስኮፕ ለመንኮራኩር መንገድ የሚጠቁምበትም ጊዜ አለ። ኒው ሆራይዘንስ በጁላይ 2015 ፕሉቶን ካለፈ በኋላ የሚጎበኘውን ቀጣይ አካል የፈለገለት ሀብል ነበር። በ2014 ያገኘው አሮኮት የተባለው ትንሽ አካል ጃንዋሪ 1 ቀን 2019 በመንኮራኩሩ ካሜራ ሲታይ፣ ሁለት ዝርግ እብጠቶች አንገት ለአንገት የተጣበቁበት ቀይ ግግር ሆኖ ተገኘ።

አሁን ተራው የጁፒተሯ ጨረቃ የዩሮፓ ነው። ሀብል ከ2012 ወዲህ ከበረዶ ገጿ በላይ የውሃ ተን የሚመስል ምልክት አይቷል፤ ምልክቱ ግን ፈዛዛ ነው፣ ባለሙያዎችም ገና ይከራከሩበታል። በኦክቶበር 2024 የመጠቀው ዩሮፓ ክሊፐር በ2030 ጁፒተር ደርሶ በጨረቃዋ አጠገብ 49 ጊዜ እንዲያልፍ ታቅዷል፤ በጣም በሚቀርብባት ጊዜ ከገጿ የሚለየው 25 ኪሎ ሜትር ብቻ ይሆናል።